ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው፤ ታዲያ የደም ማነሱ ከየት መጣ?

(በገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ዩኒየን የምሥረታ በዓል ላይ ለአባላትና ለተጋባዥ እንግዶች የቀረበ ንግግር)





እንደሚታወቀው በእንዲህ ዓይነቱ በዓል ላይ የሚነገረው ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ መጋዘንና ስለ ትርፍ ክፍፍል ነው። ይህ ንግግር ግን ስለ ደም ማነስ ነው። ማዳበሪያውም ምርጥ ዘሩም ማሳ ላይ የሚደርሰው በሰው ጉልበት ነው፤ በጣና ዙሪያ ካለው የሰው ጉልበት ውስጥ ደግሞ ከፊሉ ሳይታወቅ በየቀኑ እየፈሰሰ ይጠፋል።

በፎገራ ሜዳ በክረምት ሩዝ የምታርም ሴት ቀኑን ሙሉ ጎንበስ ብላ ውኃ ውስጥ ቆማ ትውላለች። ማታ ቤቷ ስትገባ እንጀራ ትጋግራለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሕፃን ታጠባለች። ትንሽ ዳገት ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ቢል፣ ከተቀመጠችበት ስትነሣ ዓይኗን ጨለማ ቢጋርዳት፣ ልቧ ድው ድው ቢል፣ ቤተሰቡ ‹‹ሥራ በዝቶባት ነው›› ይላል። ‹‹ሰነፈች›› የሚልም አይጠፋም። ደሟ አንሶ ይሆናል ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ የሚወስዳት ጥቂት ነው። ይህችው ሴት ካረገዘችና ሲወለድ ደም በብዛት ከፈሰሳት፣ ሌላዋ ጤነኛ ሴት የምትቋቋመውን ያህል መፍሰስ እርሷ አትቋቋመውም። ጉዳዩ የድካም ብቻ ሳይሆን የሞትና የሕይወት የሚሆነው በዚህ ጊዜ ነው።

ደም ቀይ የሆነው ሄሞግሎቢን የሚባል ንጥረ ነገር በውስጡ ስላለ ነው። ሄሞግሎቢን ከሳንባ ኦክስጅን ተሸክሞ ወደ ጡንቻ፣ ወደ አንጎል፣ በእርጉዝ ሴት ደግሞ ወደ ፅንሱ ያደርሳል። እንደ ጭነት አህያ ቢቆጠር፣ ብረት ማለት ኩርታኑ ነው። ኩርታን የሌላት አህያ ጭነት እንደማትይዝ ሁሉ ብረት ያልገባበት ደምም ኦክስጅን አይሸከምም። በአንድ ጤነኛ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ያለው ብረት ከ3 እስከ 4 ግራም ቢሆን ነው፤ አንድ መካከለኛ ሚስማር ያህል ማለት ነው። ከዚህም ሁለት ሦስተኛው ገደማ የሚገኘው በደም ውስጥ ነው። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ 120 ቀን ገደማ ኖሮ ሲሞት ብረቱ አይጣልም፤ ሰውነት መልሶ ለአዲሱ ሕዋስ ይጠቀምበታል። ስለዚህ ጤነኛ ወንድ በቀን የሚያጣው 1 ሚሊግራም ገደማ ብቻ ነው። ሴት በወር አበባ ምክንያት ከዚህ ይበልጥ ታጣለች። አንድ እርግዝና ደግሞ በጠቅላላው 1,000 ሚሊግራም ገደማ ብረት ይጠይቃል።

እዚህ ላይ የጤፍ ነገር ይመጣል። ጤፍ በብረት የበለጸገ መሆኑን ያልሰማ የለም፤ ዛሬ በውጭ አገር ገበያ የሚወደሰውም በዚሁ ነው። ነገሩ የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። ኢንግቬ ሆፍቫንደር የተባሉ ስዊድናዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተሙት ጥናት ኢትዮጵያውያን ከምግባቸው የሚያገኙት ብረት ከሌላው ዓለም ጋር ሲነጻጸር እጅግ ከፍተኛ መሆኑን አሳዩ። ጤፍ በቤተ ሙከራ ሲለካ የተገኘው ቁጥርም አስገራሚ ነበር። በ100 ግራም ውስጥ ከ10 ሚሊግራም ገደማ ጀምሮ እስከ 150 ሚሊግራምና ከዚያም በላይ ተመዝግቧል። አንድ የእህል ዓይነት እንዲህ ሊራራቅ አይገባውም ነበር።

መልሱ የተገኘው አውድማ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 ኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ በጤፍ ውስጥ ከሚለካው ብረት አብዛኛው ከእህሉ ሳይሆን ከአፈር የመጣ መሆኑን አስረዱ። ጤፍ በእበት በተለቀለቀ መሬት ላይ ተዘርግቶ በሬ ያበራየዋል። ፍሬው ከሁሉም እህል ያነሰ ስለሆነ የአፈሩ ብናኝ ይጣበቅበታል፤ በማዝራትም በመንፋትም ጨርሶ አይለይም። አፈራችን ደግሞ፣ ቀዩም ዋልካውም፣ ብረት የሞላበት ነው። ከአፈር የጸዳው ጤፍ ሲለካ ብረቱ ከሌሎች እህሎች ብዙም የራቀ አልሆነም።

የአፈር ብረትስ ብረት አይደለም ወይ? ነው፤ ነገር ግን አብዛኛው እንደ ዛገ ሚስማር ነው። በአንጀት በኩል ገብቶ በአንጀት በኩል ይወጣል እንጂ ወደ ደም የሚዘልቀው ጥቂት ነው። የእህሉ የራሱ ብረትም ቢሆን ፋይቴት በሚባል ንጥረ ነገር ተተብትቦ የተያዘ ነው። በዚህ ረገድ እናቶች ሳይማሩ የሚሠሩት ትልቅ ሥራ አለ፤ እርሾው ሊጡን ሁለት ሦስት ቀን ሲያቦካው ፋይቴቱን ይቀንሰዋል። ሊጡ ሳይቦካ የተጋገረ ቂጣ ይህን ጥቅም አይሰጥም።

በመሆኑም ‹‹በሸራ ላይ ከተወቃ፣ በመውቂያ ማሽን ከተወቃ ጤፉ ብረቱን ያጣል›› የሚለው ሥጋት ምንም ሊያሳስብ አይገባም። የሚቀረው አፈር ነው። አፈርና ጠጠር የሌለበት ጤፍ በገበያ የተሻለ ዋጋ ያወጣል፤ ጥርስም አይሰብርም።

ስለ አፈር ከተነሣ፣ አንዳንድ እርጉዝ ሴቶች አፈር ያምራቸዋል። ከግድግዳ ልጥፍ ቆርሰው የሚበሉ አሉ። ሰው ሲያያቸው ይሳቅባቸዋል፣ ወይም ‹‹አምሮት ነው፣ ያልፋል›› ይባላል። በሕክምና ግን ይህ አምሮት ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር አብሮ የሚታይ ምልክት ነው። አፈሩ እጥረቱን አያስወግድም፤ እንዲያውም ሸክላ አፈር ከምግብ የመጣውን ብረት አንጀት ውስጥ ይይዝበታል፣ በዚያ ላይ የትል እንቁላል ሊያስገባ ይችላል። አፈር የምትበላ እርጉዝ ሴት ያየ ሰው ከመሳቅ ይልቅ ወደ ጤና ኬላ ቢልካት ይሻላል።

በእ.ኤ.አ. 2016 (በ2008 ዓ.ም.) የተካሄደው የኢትዮጵያ ሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆኑ ሴቶች 24 በመቶው፣ ዕድሜያቸው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ከሆኑ ሕፃናት ደግሞ 57 በመቶው የደም ማነስ እንዳለባቸው አሳይቷል። በአማራ ክልል የሴቶቹ 17 በመቶ፣ የሕፃናቱ 42 በመቶ ነበር። ከሌሎች ክልሎች ጋር ሲነጻጸር ዝቅተኛ ነው ተብሎ ሊጨበጨብ ይችል ይሆናል። ነገር ግን ከ10 ሕፃናት 4ቱ ደማቸው ያነሰ ከሆነ የሚያስደስት ነገር የለውም። ከዚህም ሌላ የክልሉ አማካይ ደጋውንና የጣናን ዳርቻ አንድ ላይ ቀላቅሎ የያዘ ነው፤ የጣና ዳርቻ ደግሞ ደጋው የሌሉበት ሦስት ደም ጠላቶች አሉበት።

አንደኛው የመንጠቆ ትል ነው። እንቁላሉ በሰገራ ወጥቶ እርጥበትና ጥላ ባለው አፈር ላይ ይፈለፈላል፤ ከዚያም በባዶ እግር ቆዳ ውስጥ ሰርስሮ ይገባል። በእግር ጣቶች መካከል የሚያሳክክ ነገር ያኔ ሊታይ ይችላል። በመጨረሻ አንጀት ላይ ተነክሶ ደም ይመጣል። የአንድ ትል ምጥ ትንሽ ነው፤ በአገራችን በብዛት የሚገኘው ዓይነት በቀን 0.03 ሚሊሊትር ያህል ደም ያፈሳል። ነገር ግን 100 ትል ያለበት ሰው በቀን 3 ሚሊሊትር፣ በወር 90 ሚሊሊትር ያጣል ማለት ነው፤ ከአንድ የቡና ሲኒ ይበልጣል። 3 ሚሊሊትር ደም 1.5 ሚሊግራም ገደማ ብረት ይይዛል። ከፊሉ በአንጀት ተመልሶ ቢመጠጥም፣ ጤነኛ ወንድ በቀን ከሚያጣው 1 ሚሊግራም ጋር ሲነጻጸር ጉዳቱ ግልጽ ነው። አንድ የኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን በየወሩ እንዲህ ቢጎድልበት ኦዲተር ይጠራ ነበር። የዘጌ የቡና ጥላ፣ የጣና ዳር የአትክልት ማሳ፣ በመስኖ የሚለማው መሬት ሁሉ ለዚህ ትል የተመቸ ነው።

ሁለተኛው ቢልሃርዝያ ነው። በባሕር ዳር ዙሪያና በሐይቁ ዳርቻ የቆየ በሽታ ነው። በውኃ ውስጥ ባለች ትንሽ ቀንድ አውጣ ያድርና በዚያ ውኃ ለሚዋኝ ልጅ፣ ልብስ ለምታጥብ ሴት፣ መረብ ለሚጥል ዓሣ አስጋሪ ይተላለፋል። አንጀትን እያቆሰለ ደም ያፈሳል፤ ሲቆይ ጉበትንም ይጎዳል። ሦስተኛው ወባ ነው፤ ወባ ቀይ የደም ሕዋሳትን ራሳቸውን ይሰብራል። በደምቢያና በፎገራ ሜዳ ከክረምት በኋላ ማን እንደሚታመም መዘርዘር አያስፈልግም።

በፎገራ ሌላ የተጨመረ ነገር አለ፤ እርሱም ሩዝ ነው። ሩዝ ለሜዳው በረከት ሆኗል። ክረምት ውኃ የሚተኛበትን መሬት ሰጥቶ ብዙ ቤተሰብ ከችግር አውጥቷል፤ ኤክስ ጅግና የተባለውን ዝርያ የማያውቅ ገበሬ የለም። ነገር ግን የተፈተገ ነጭ ሩዝ በ100 ግራም ውስጥ ያለው ብረት 1 ሚሊግራም ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ብዙ ቤተሰብ ማኛውን ጤፍ ለገበያ ያወጣል፤ ለቤት የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ደባልቆ ይጋግራል። እንጀራው ነጭና ለስላሳ ይሆናል፣ ለዓይን ያምራል፤ ብረቱ ግን ቀንሷል። ሩዝ አይበላ ለማለት አይደለም። የሩዝ እንጀራ የሚበላ ቤት ወጡን ማጠናከር አለበት ለማለት ነው።

ስለ ምርመራ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። በገበያ ላይ ‹‹ደም አነሰኝ›› የሚል ሰው ብዙ ነው፤ ከእነርሱ ከፊሉ ግን የሚናገረው ስለ ደም ግፊት ማነስ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። የደም ግፊት በክንድ ላይ በሚታሰር መሣሪያ ይለካል፤ የደም ማነስ የሚታወቀው ግን ከጣት ወይም ከክንድ በሚወሰድ ደም ሄሞግሎቢን ተለክቶ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ የታችኛውን የዓይን ቆብ ገልጣ፣ መዳፍና ምላስን አይታ መገርጣቱን ትለያለች። ይህ ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን መካከለኛው የደም ማነስ በዓይን ያመልጣል። ጤና ጣቢያ ሲለካ ላላረገዘች ሴት ከ12 ግራም በታች፣ ለእርጉዝ ከ11 ገደማ በታች፣ ለወንድ ከ13 በታች ከሆነ የደም ማነስ ይባላል። እርጉዝ ሴት ከ7 በታች ከሆነች ጊዜ ሳይሰጥ ወደ ሆስፒታል ትላካለች።

እግረ መንገድ፣ ከፍታ ይህን ቁጥር ይለውጠዋል። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ሰውነት ሄሞግሎቢን ይጨምራል። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ባለሙያው ይህን አስቦ ማስተካከል ይኖርበታል። የሚገርመው እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ ጥናት በሰሜን ተራሮች አካባቢ 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ አማሮች ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙ እንዳልተለየ አሳይቷል። ሳይንቲስቶቹን እስከ አሁን የሚያከራክር ነገር ነው።

ሄሞግሎቢን ተለክቶ ‹‹አነስተኛ ነው›› ከተባለ በኋላ ሥራው አላለቀም፤ ለምን አነሰ የሚለው ይቀራል። የሰገራ ምርመራ ለትልና ለቢልሃርዝያ፣ የደም ምርመራ ለወባ መደረግ አለበት። የወር አበባ መብዛት፣ የልጆች መቀራረብ፣ የጨጓራ ቁስል፣ ኪንታሮት ይጠየቃል። ደም የሚያፈሰው ሳይደፈን ብረት ብቻ መስጠት በተቀደደ ጆንያ እህል እንደ መስፈር ነው። በተለይ ጎልማሳ ወንድ ወይም የወር አበባዋ የተቋረጠ ሴት ደማቸው ካነሰ፣ ከአንጀት የሚፈስ ነገር እንዳለ በሆስፒታል መመርመር አለበት።

ሕክምናው ርካሽ ነው፤ የሚጎድለው መጨረስ ነው። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ለእርጉዝ ሴቶች የሚሰጠው እንክብል 60 ሚሊግራም ብረትና ፎሊክ አሲድ የያዘ ነው፤ በየቀኑ አንድ ይወሰዳል። የደም ማነስ ለታየበት ሰው ባለሙያው መጠኑን ሊጨምር ይችላል። ከላይ በተጠቀሰው የ2008 ዓ.ም. ጥናት በአገር አቀፍ ደረጃ ከወለዱ ሴቶች 42 በመቶው እንክብሉን ጀምረዋል፤ 90 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 በመቶ ብቻ ነበሩ። የተቀረው እንክብል የት እንደቀረ የሚያውቀው የየቤቱ መደርደሪያ ነው።

ሴቶች የሚያቋርጡበት ምክንያት አላቸው። ያቅለሸልሻል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ሰገራን ያጠቁራል። መጥቆሩ ከብረቱ ነው፤ አያስፈራም። ማቅለሽለሹ ለሚበረታባት ከትንሽ ምግብ ጋር ወይም ማታ ስትተኛ ብትወስደው ይቀልላል። በቅርብ ዓመታት የተደረጉ ጥናቶች ቀን ዘሎ መውሰድም ለአንዳንድ ሰው እንደሚስማማ አሳይተዋል፤ ይህን ግን የሚወስነው ባለሙያው ነው። ‹‹ፅንሱን ያገዝፈዋል፣ ምጥ ያከብዳል›› የሚለው ወሬ መሠረት የለውም። መርፌ ካልተወጋሁ አልድንም የሚለውም እንዲሁ ነው፤ መርፌው እንክብሉ ለማይስማማውና በሆስፒታል ለሚከታተል ሰው ነው። ቀይ ሥር ቀይ ስለሆነ ደም ይተካል የሚባለው ደግሞ ከቀለሙ በቀር ብዙ የለውም፤ ለስላሳ መጠጥ ጭራሽ ምንም የለውም።

እንክብሉ ሲወሰድ በሎሚ ውኃ ቢሆን ይመረጣል። በወተት፣ በሻይ ወይም በቡና አይወሰድም። ቡናን በተመለከተ በዘጌም ሆነ በሌላው ቤት የሚያስቀይም ነገር መናገር ግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣ አንድ ጥናት ከምግብ ጋር የተጠጣ ቡና ብረት ወደ ደም እንዳይገባ በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ከምግብ አንድ ሰዓት በኋላ የተጠጣ ቡናም ያንኑ ያህል ጎድቷል፤ ከምግብ አንድ ሰዓት በፊት የተጠጣው ግን አልጎዳም። ስለዚህ ቡናው አይቅር፤ ሰዓቱ ይለወጥ። ቁርስ ሳይቀርብ ቡናው ቢቀድም፣ ወይም ከምሳ በኋላ ሁለት ሦስት ሰዓት ቢቆይ ቡናውም አይቀርም፣ ብረቱም አይባክንም።

ከምግብ ሁሉ ብረቱ ቶሎ ወደ ደም የሚገባው የሥጋና የጉበት ነው። በጣና ዳር ሥጋ ለሁሉም ቤት በየሳምንቱ የሚገኝ አይደለም፤ ቆረሶና አምባዛ ግን አለ። የዓሣ ብረት ከከብት ሥጋ ቢያንስም፣ አብሮ የተበላውን የምስርና የጎመን ብረት ይዞ ይገባል። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን የንስሐ አባት ይናገሩ፤ እርጉዝና የምታጠባ ሴትም ስለ ጾሙ የንስሐ አባቷን ብታማክር መልካም ነው። በጾም ቀን ምስር፣ ሽምብራና ጎመን ከቃሪያ፣ ከቲማቲም ወይም ከሎሚ ጋር ሲበላ ብረቱ ይበልጥ ይጠቅማል። በክረምት ዘይቱንና ማንጎ በየጓሮው እያለ ለገበያ ብቻ መልቀሙ ያሳዝናል። ለሕፃን እስከ 6 ወር የእናት ጡት ይበቃል፤ ከዚያ በኋላ ግን የላም ወተት ብቻውን ደም አይሆንም፣ ብረት የለውምና። ከምስር፣ ከተፈጨ ዓሣ ወይም ከጉበት የተቀላቀለ ገንፎ ያስፈልገዋል።

ለትሉ አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል፣ ለቢልሃርዝያ ፕራዚኳንቴል አለ። በ2008 ዓ.ም. ኅዳር ወር አገር አቀፍ የትምህርት ቤት የትል መድኃኒት ዘመቻ ከተጀመረ ወዲህ ለተማሪ ልጆች በትምህርት ቤት ሲሰጥ ቆይቷል። አዋቂዎች ግን ትምህርት ቤት አይሄዱም። ሩዝ የሚያርሙ ሴቶችና ዓሣ አስጋሪዎች በራሳቸው ጊዜ ጤና ጣቢያ ሄደው መመርመር አለባቸው፤ እርጉዝ ሴት የትል መድኃኒት የምትወስደው ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በኋላ በባለሙያ ትእዛዝ ነው። ኮንጎ ጫማ ለደረቅ ማሳ ይጠቅማል። በሩዝ ጭቃ ውስጥ ግን ጫማ ይቀረቀራል፤ ስለዚህ እዚያ ዋናው መከላከያ የጓሮ መጸዳጃ ቤት ነው፤ ሰገራው ማሳ ላይ ካልደረሰ ትሉም አይደርስም። የልማት ዕቅድ ሲነደፍ ለማዳበሪያ ክምችት የሚሰጠው ትኩረት ሩብ ያህሉ ለማሳ ዳር መጸዳጃ ቢሰጥ፣ የቀበሌ አስተዳደርም የማኅበር ኮሚቴም ያለ ብዙ ወጪ የሚሠሩት ነው።

እንክብሉ ቤት ሲቀመጥ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ይቀመጥ። ከረሜላ መስሎት ብዙ የዋጠ ሕፃን ሊሞት ይችላል።

በመጨረሻም ክትትሉ። ሕክምናውን የጀመረ ሰው ከአንድ ወር በኋላ ተመልሶ ሄሞግሎቢኑን ማስለካት አለበት። 1 ግራም ያህል ከጨመረ መንገዱ ትክክል ነው፤ ደሙ ልኩ ላይ ከደረሰ በኋላም ሌላ ሦስት ወር ይቀጥላል፣ የባዶውን ጎተራ ለመሙላት። ካልጨመረ ግን መጀመሪያ የሚጠየቀው እንክብሉ በእርግጥ ተወስዷል ወይ የሚለው ነው። ተወስዶም ካልጨመረ ሌላ በሽታ ይፈለጋል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ወረዳዎች የሆነው አይረሳም። ብዙ ሰው እየገረጣ፣ እየከሳ፣ ትኩሳት እየያዘውና ጣፊያው እያበጠ መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ነው ተብሎ ሲታከም ቆየ። በኋላ በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ካላዛር መሆኑ ታወቀ፤ በአዲስ ዘመን ሕክምናው እስኪጀመር ድረስ ብዙ ሰው ሞቷል። ስለዚህ መገርጣቱ ከረዥም ትኩሳትና በግራ ጎን ከሚዳሰስ እብጠት ጋር ከመጣ፣ ታማሚው የብረት እንክብል ይዞ ወደ ቤቱ አይመለስ፤ በዚያው ቀን የሪፈር ወረቀት ይጻፍለት፣ ትኩሳቱ ስንት ሳምንት እንደቆየም በወረቀቱ ላይ ይመዝገብ።